የእኛ ሸክላ ሰው አገር ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል?

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የፈለጋችሁት ዘፈን በሰከንድ ስልካችሁ ላይ በሚከፈትበት በዚህ ዘመን፣ ገንዘቡን ከፍሎ አንድ ትልቅ ጥቁር ሸክላ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ወጣት ብታዩ ምን ትላላችሁ? "ይሄ ልጅ ዘመኑን ስቷል" ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው።

አሜሪካ ውስጥ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሲዲ ደግሞ 33 ሚሊዮን። ሸክላ በሽያጭ ብዛት ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ዓመት 43 ሚሊዮን ገባ፤ ገቢውም ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የአዋጅ ቁጥር ላይ ብቻ በእኛ አቆጣጠር እንጠቀማለን።)

"ታዲያ እኛን ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። በደንብ ያገባናል። ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ ውስጥ ሸክላ የሚሸጥ አንድ ትንሽ የግል ሱቅ ግቡ። "አፍሪካ" የሚል ካርቶን ከተሰካበት መደርደሪያ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን፣ የማሕሙድ አሕመድን፣ የኃይሉ መርጊያን ወይም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ ላይ እነዚሁኑ በሸክላ ልግዛ ያለ ሰው ግን ብዙ መዞር አለበት።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ተረቱን ጠቅሰን ብቻ እንዳናልፍ ግን ዛሬ ሦስት ጥያቄ አንስተናል። ሙዚቃው እዚያ እንዴት ደረሰ? ከሽያጩ ማን ይጠቀማል? እኛስ ሳይረፍድ ምን ማድረግ እንችላለን?

▪️ ትንሽ ሱቅ፣ ትልቅ ሥራ

መጀመሪያ ስለ ሱቁ። የግል ሸክላ ቤት የሚባለው የትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ ያልሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚቆምበት ቤት ነው። አዲስ ይሸጣል፣ ያገለገለ ይገዛል፣ ያገለገለውን ደግሞ አጽድቶ መልሶ ይሸጣል። አብዛኛው ሱቅ ጥግ ላይ ማጫወቻና ማዳመጫ አለው። ሳትገዙ ትሰማላችሁ።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዋናው ነገር ሸክላው ራሱ አይደለም፤ ምርጫው ነው። ባለቤቱ የሰማውን፣ የወደደውን፣ "ይሄን ካልሰማህ አትሂድ" የሚለውን ነው ከፊት የሚያስቀምጠው። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈች አጭር ወረቀት ይለጥፋል፦ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተጫወተው፣ ለምን መሰማት እንዳለበት። የስልካችን አልጎሪዝም ትናንት የሰማነውን ዓይቶ የሚመስለውን ያመጣልናል። ሱቁ ግን ፈጽሞ ያልጠየቃችሁትን ያቀብላችኋል። አዲስ አበባን በካርታ ላይ ለይቶ የማያውቅ የለንደን ልጅ ከትዝታ ቅኝት ጋር የተዋወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህ ሱቆች ሲዲ መጥቶ፣ ከዚያም ዳውንሎድ መጥቶ ሊዘጉ ተቃርበው ነበር። በ2008 ሚያዝያ ወር አሜሪካ ውስጥ የግል ሸክላ ቤቶች ተባብረው "የሸክላ ቤቶች ቀን" ጀመሩ። ዛሬ በየዓመቱ በዚያው ወር በብዙ አገራት ይከበራል፤ ለዕለቱ ተብለው በተወሰነ ቁጥር የሚታተሙ ሸክላዎችን ለመግዛት ሰው ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል።

ሌላም ነገር አለ። ጥሩ ሱቅ ከጊዜ በኋላ አሳታሚ ይሆናል። ለንደን ያለው ራፍ ትሬድ በ1976 ሱቅ ሆኖ ተከፈተ፣ በ1978 አሳታሚ ሆነ። ፖርትላንድ ኦሪገን የነበረው ሚሲሲፒ ሪከርድስም በ2003 እንደ ሰፈር ሸክላ ቤት ነው የጀመረው። የእማሆይን ፒያኖ በሸክላ ለአዲስ ትውልድ ያደረሰው ይኸው ቤት ነው፤ "ጀሩሳሌም" የተሰኘውን በ2023፣ በራሳቸው ድምፅ ያንጎራጎሩበትን "ሱቬኒርስ" ደግሞ በ2024 አሳትሟል። እማሆይ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈዋል።

ይህን ሱቅ-ወደ-አሳታሚ የሚለውን ነገር ያዙልን። በኋላ እንመለስበታለን።

▪️ ሙዚቃችን እንዴት ተሻገረ?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም፤ ተነስቶ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂየም አሳታሚ "እሬ መላ መላ"ን በአውሮፓ አወጣው። ይህ አልበም መጀመሪያ በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የታተመ፣ አይቤክስ ባንድ የተጫወተበት ሥራ ነው።

ከዚያ በ1997 ፓሪስ ላይ ቡዳ ሙዚክ ከሚባል አሳታሚ ጋር "ኢትዮፒክስ" የተሰኘው ተከታታይ ሕትመት ተጀመረ። እስከ 30 ቁጥር ደረሰ። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም ነገሩ ሰፋ። ፊልሙ ውስጥ ለዋናው ገጸ ባሕሪ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ የሚሰጠው ጎረቤቱ የኢትዮጵያ ሰው ሆኖ ነው የተሳለው። በ2010 ደግሞ ናስ እና ዴሚየን ማርሌይ ከሙላቱ ሥራ ቆርጠው ዘፈን ሠሩበት።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር። በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄዱና ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ አቀላቅለው አንድ ካሴት ሠሩ። ዓመታት አለፉ። እርሳቸው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ያሽከረክሩ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው፤ ፈልጎ ደወለላቸው፤ በ2013 በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሸክላ ወጣ። በማግስቱ ዓመት በ1977 የታተመው "ቸ በለው" ተከተለ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 "ላላ በሉ" የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

አስተውሉ፦ ካሴቱ የተገኘው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ዋጋውን አውቆ ያነሳው ግን ከውጭ የመጣ ሰው ነው።

▪️ እኛም እኮ ሙዚቃ ቤት ነበረን

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ብዙ ወጣት የሸክላ ባህል የፈረንጅ ብቻ ይመስለዋል። ኧረ እኛ አለንበት! ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀዱት በ1908 ነው። "ሸክላ" የሚለው ስም ራሱ የእኛው ነው፤ የጥንቶቹ ሲወድቁ እንደ ገል የሚሰባበሩ ነበሩ።

ከ1948 ጀምሮ ግን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ውሳኔ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ወጣት ያንን ተሻገረ። አምሃ ሪከርድስን መሠረተ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሸክላው ሕንድ ታትሞ መጣ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ደርዘን ገደማ አልበሞች አሳተመ። በዚያን ጊዜ የዚህች አገር ሕዝብ ከዛሬው በብዙ እጥፍ ያነሰ፣ ማጫወቻ ያለውም ቤት ጥቂት እንደነበር አስቡ።

ከእርሱ ኋላ አሊ አብደላ ካይፋ መጡ፤ ብዙ ሰው "አሊ ታንጎ" ብሎ የሚያውቃቸው። እሳቸውም ባለ ሙዚቃ ቤት ነበሩ፤ ካይፋ ሪከርድስ የእሳቸው ነው። ፊሊፕስም አዲስ አበባ ላይ ያሳትም ነበር፤ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በ1972 የወጣው በፊሊፕስ ነው።

አያችሁ ነገሩን? ሱቅ ከፍቶ፣ ደንበኛ ምን እንደሚወድ ሰምቶ፣ ከዚያ ራሱ አሳታሚ መሆን። ለንደን ራፍ ትሬድ ከመከፈቱ ሰባት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶበታል። የእኛ ወርቃማ ዘመን የምንለው ሙዚቃ የተወለደው በሚኒስቴር ዕቅድ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ባለ ሙዚቃ ቤት፣ ጆሮ ባለው ነጋዴ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ 1974 መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊት ቤቶች ዝም አሉ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት ደግሞ ርካሽ ነበር፣ በቀላሉ ይባዛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ሕትመት አበቃ። ሙዚቃ ቤቶች በካሴት ቀጠሉ፣ ወደ ሲዲ ተሻገሩ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጣ፣ ዛሬ ዩቲዩብና ቴሌግራም ሆነ። በየደረጃው ሙዚቃው ይበልጥ ለሰው ደረሰ። የመራጩና የመዝጋቢው ሥራ ግን በየደረጃው ተሸረሸረ። በእኛ ግምት ትልቁ ኪሳራ እዚህ ጋ ነው።

▪️ "ፈረንጅ ዘረፈን" ወይስ "ፈረንጅ አዳነን"?

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ "ሀብታችንን ዘርፈው እየሸጡ ነው" ይላል። ሌላው "እነሱ ባያነሱት አቧራ ውጦት ይቀር ነበር" ይላል። እኛ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል ባይ ነን።

ለሁለተኛው ጎራ ፍትሐዊ እንሁን። ኢትዮፒክስ ባይኖር ዛሬ የምትሰሟቸው ብዙ ዘፈኖች በጥሩ ድምፅ አይገኙም ነበር። የኃይሉ መርጊያ አሳታሚ ትርፉን ከአርቲስቱ ጋር እኩል ለእኩል እንደሚካፈል በይፋ ተናግሯል። ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ባንድ ጋር በ2006 አልበም ሠርተው አውሮፓን ዞረዋል። ይህ ዘረፋ አይደለም።

የመጀመሪያው ጎራም ዝም ብሎ አይጮህም። ያገለገለ ሸክላ ሲሸጥ አርቲስቱ ምንም አያገኝም፤ የትም አገር ሕጉ በአብዛኛው እንዲያ ነው። ንጹሕ ሆኖ የቆየ የአምሃ ወይም የካይፋ ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች፣ ብርቅዬው ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ለያዘው ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ በጥቂት ብር የገዛው ደላላ ወይም ሰብሳቢ ነው። ፈቃድ ሳይጠየቅባቸው የሚታተሙ ሸክላዎችም በዓለም ገበያ ላይ አሉ።

በፈቃድ የታተመው ላይ እንኳን ጥያቄ አለ። ውል የሚፈረመው ከማን ጋር ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቅጂውን ካሳተመው ሰው ጋር። በካሴት ዘመን የተለመደው አሠራር ደግሞ ድምፃዊውም ደራሲውም አንድ ጊዜ ተከፍሎት መሄድ ነበር። ባስ ጊታር የተጫወተው፣ ከበሮ የመታው፣ ያቀናበረውስ? ስሙ ካልተጻፈ ማንም አይፈልገውም።

ስለዚህ "ፈረንጅ ወይስ እኛ" የሚለው ክርክር ራሱ ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስሙ የተመዘገበ ሰው ይጠራል፣ ይከፈለዋል፤ ስሙ የጠፋ ሰው የለም ማለት ነው።

▪️ የ50 ዓመቱ ሰዓት

እዚህ ጋ ሕግ እንይ፤ አትሰልቹ፣ አጭር ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ዓይነት መብት ይለያል። አንደኛው የሥራ አመንጪው ነው፤ ግጥምና ዜማ የደረሰው ሰው። የኢኮኖሚ መብቱ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው ተዛማጅ መብት ነው፤ የዘፈነውና የተጫወተው ከዋኝ እንዲሁም ድምፁን ያስቀረጸው ፕሮዲውሰር። የእነሱ መብት ከቀረጻው ወይም ከሕትመቱ ጀምሮ 50 ዓመት ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በ1969 የታተመ ሸክላ ላይ የፕሮዲውሰሩ 50 ዓመት በ2019 አብቅቷል። የ1975ቱ ማብቂያ በ2025 መጨረሻ ነው። በ1977 የታተመው ደግሞ በ2027 መጨረሻ። የወርቃማው ዘመን ቅጂዎች አንድ በአንድ ከዚህ ጥበቃ እየወጡ ነው ማለት ነው። አውሮፓ ኅብረት ይህንኑ ጊዜ ከ50 ወደ 70 ዓመት ያራዘመው በ2011 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የደራሲያንን መብት በአገራት መካከል የሚያስከብረውን፣ በ1886 የተፈረመውን የበርን ስምምነት ሳትቀላቀል ለአስርት ዓመታት ቆይታለች። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የእኛ ሰው ውጭ አገር ሄዶ ለመሟገት አቅሙ ደካማ ነው።

ሆኖም ሁሉም ነገር አላለቀም። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ገና በሕይወት አለ። ግን ማን ደረሰው? የብዙ ዘፈን ደራሲና አቀናባሪ የሚታወቀው በአፍ ነው፤ "እገሌ ነው ይባላል" እየተባለ። እነ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 በወራት ልዩነት ነው ያረፉት። ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ ጥላሁን ገሠሠ በ2009 ሄደዋል። ማን ምን እንደሠራ በዓይኑ ያየ ትውልድ እያለፈ ነው። ወራሽ መብቱን ሊጠይቅ ሲነሳ "ማስረጃህ የታለ?" ይባላል።

ማስረጃው ብዙ ጊዜ ያቺ ጥቁር ሸክላ ላይ ነው ያለው።

▪️ ስልኩ የማይነግረን

መሃል ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት አስቡ። የአሳታሚው ስም አለ። ተከታታይ ቁጥር አለ። የዘፋኙ ስም፣ ብዙ ጊዜ የባንዱ፣ አንዳንዴ ያቀናባሪው ስም አለ። ገጽ አንድና ገጽ ሁለት ተለይቷል። ከወረቀቷ ጠርዝ ዝቅ ብሎ፣ መርፌው ጉዞውን የሚጨርስበት ባዶ ቦታ ላይ፣ በብርሃን ብቻ የሚታይ የተፋቀ ቁጥር አለ፤ ሸክላው የትኛው ሕትመት እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

አሁን ያንኑ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት። "የድሮ ምርጥ ሙዚቃ፣ ክፍል 7"። ዓመቱ የለም፣ ባንዱ የለም፣ አቀናባሪው የለም። አንዳንዴ የዘፋኙ ስም ራሱ የተሳሳተ ነው። ሙዚቃው ደርሶናል፤ ታሪኩ ግን መንገድ ላይ ወድቋል።

ሸክላው የዘፈኑንም መልክ ይነግረናል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ገደማ ነው። የዚያ ዘመን ዘፈኖች ቶሎ ገብተው፣ ነፋሽ መሣሪያው መትቶ፣ ቶሎ የሚወጡት ያለምክንያት አይደለም። ካሴት ሲመጣ ዘፈኑም ረዘመ። ይህን የሚያውቅ ወጣት ሙዚቀኛ የድሮውን ሲሰማ "ደስ ይላል" ብቻ ብሎ አያልፍም፤ እንዴት እንደተሠራ ይገባዋል፣ ይማርበታል።

ውጭ አገር ያሉት ሱቆች ሸክላችንን ውድ ያደረጉት በዚህ ነው። ከሙዚቃው ጋር መረጃውን አብረው ሸጡ። ደርዘን ገጽ ማብራሪያ፣ የድሮ ፎቶ፣ የባንዱን አባላት ስም ጨምረው። ሰው የገዛው ድምፁን ብቻ አይደለም፣ ታሪኩን ነው። ያንን ታሪክ ለመጻፍ ከእኛ የቀረበ ማን ነበር?

▪️ እሺ፣ ምን እናድርግ?

"መንግሥት ይሥራው" ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ወመዘክር ለመጻሕፍት የሚሠራውን ሥራ ለሸክላና ለካሴትም በዚያው ልክ ይሥራ ብለን እኛም እንጠይቃለን። የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሚመለከታቸው አካላትም ወራሾች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበትን ቀላል መንገድ ቢያመቻቹ ሰዓቱ አሁን ነው። በ872/2007 የተሻሻለው አዋጅ ክፍያ የሚሰበሰብበትን የጋራ አስተዳደር ፈቅዷል፤ ተቀባዩ ሳይታወቅ ግን የተሰበሰበው ለማን ይከፋፈላል?

ግን በስልካችሁ ዛሬውኑ መጀመር የምትችሉት ነገር አለ።

1️⃣ ቤት ውስጥ ፈልጉ። የአያት ሣጥን፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ አልጋ ሥር። ሸክላ ካገኛችሁ ከመጥረጋችሁ በፊት የሁለቱንም ገጽ ወረቀት በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ሽፋኑን፣ ጀርባውንም ጭምር።

2️⃣ ቁጥሩን ፈልጉ። ዲስኮግስ የሚባል በ2000 የተጀመረ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚሞሉት ትልቅ የሸክላ መዝገብ አለ። ቁጥሩን አስገቡ፤ ምን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ታያላችሁ። እዚያ ላይ ከሌለ ደግሞ እናንተ መዝግቡት። የአማርኛ ስም በትክክል የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል።

3️⃣ ዋጋውን ሳታውቁ አትሽጡ። በተለይ ቤት ሲለቀቅና ሰፈር ሲነሳ ሰው "ይሄን አሮጌ ዕቃ" ብሎ ለቆራሌው ያስረክባል። ፒያሳን ጨምሮ በ2024 የአዲስ አበባ ስንት አሮጌ ሰፈር እንደተነሳ ታውቃላችሁ። ሁሉም ሸክላ ውድ ነው እያልን አይደለም። የተጫረ፣ የተጣመመ፣ ሽፋን የሌለው ዋጋው በጣም ይወርዳል። መሸጥም ነውር አይደለም። ግን ቢያንስ ምን እንደሸጣችሁ እወቁ፣ ፎቶውን አስቀሩ።

4️⃣ አያያዙን እወቁ። ሸክላ ይቆማል እንጂ አይተኛም፤ ተደራርቦ ሲተኛ ይጣመማል። ፀሐይና ሙቀት ጠላቱ ነው፣ መስኮት ሥርና መኪና ውስጥ አትተዉት። ሲያዝ በጠርዙ፤ ጣት መስመሩን አይንካ።

5️⃣ የሚያውቁትን ጠይቁ። ጎረቤት ያሉ ጋሽዬ ድሮ ባንድ ውስጥ ተጫውተው ይሆናል፤ እትዬ ደግሞ ሙዚቃ ቤት ሠርተው ይሆናል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅዱ። ማን መታ፣ ማን ጻፈ፣ የት ተቀዳ? አንድ ሰዓት ጭውውት ለአንድ ቤተሰብ መብት ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

6️⃣ ስም ጥቀሱ። ቲክቶክ ላይ የድሮ ዘፈን ስትጠቀሙ የዘፋኙን፣ ካወቃችሁ የደራሲውንና የባንዱን ስም ጻፉ። ሸክላው እጃችሁ ላይ ስለሆነ ግን ዘፈኑ የእናንተ አይደለም፤ ቀድታችሁ በቻናላችሁ ገንዘብ ከመሥራታችሁ በፊት የባለመብቱን ቤተሰብ ፈልጉ። በድጋሚ የታተመ ስትገዙም ሽፋኑን ገልብጡና ከማን ፈቃድ እንዳገኙ የጻፉትን አንብቡ። ምንም ካልጻፉ ለምን እንዳልጻፉ ጠይቁ።

▪️ አንድ ሱቅ ቢኖረንስ?

መጨረሻ ላይ ያዙልን ያልነውን ነገር እናንሳ። አምሃና አሊ ሱቅ ከፍተው አሳታሚ ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ላይ ስንት ካፌ አለ? ከእነሱ አንዱ ጥግ ላይ ማጫወቻ አስቀምጦ፣ ሠላሳ ሸክላና መቶ ካሴት ደርድሮ፣ ሰው እየሰማ ቡና የሚጠጣበት ቢሆን ምን ይከብዳል? አያቶች ሸክላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ልጆች ይመዘግባሉ፣ ሙዚቀኛው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

እውነቱን እንናገር፣ ወጪው ቀላል አይደለም። ማጫወቻና መርፌ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በዶላር ነው፤ ቀረጥም አለበት። አዲስ የሚታተም ሸክላ ደግሞ ለብዙ ወጣት የወር ደሞዝ ያስነካል። ስለዚህ ሁላችሁም ሸክላ ሰብሳቢ ሁኑ እያልን አይደለም። አንድ ከተማ ላይ አንድ ጥሩ ቤት፣ አንድ ጥሩ መዝገብ ግን የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የ50 ዓመቱ ሰዓት የሸክላ ዋጋ እስኪረክስ አይጠብቀንም።

ፈረንጆቹ ሙዚቃችንን ሰምተው ወደዱት፤ እሰየው፣ ይውደዱት። ነገር ግን የሚቀጥለው "የጠፋ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተገኘ" የሚል ዜና ሲወጣ፣ ያገኘው ሰው ከጎንደር ወይም ከጅማ የመጣ፣ የአቀናባሪውንና የከበሮ መቺውን ስም በትክክል የጻፈ ወጣት ቢሆን እንመኛለን። መሣሪያው ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

እናንተ ቤት ሸክላ አለ? የማን ነው፣ ቁጥሩስ ስንት ነው? ጻፉልን፤ ፎቶውንም ላኩልን። ስሞቹን በጋራ እየለየን እንመዘግባለን። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ቤቱ ሊፈርስ ወይም ዕቃ ሊያወጣ ላለ ወዳጃችሁ ቀድማችሁ አጋሩት።